ጓቫ የተባለው ዘይቱን

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ፣ የደብረ ታቦሩ መኪና እስኪሞላ ድረስ ፀሐይ ያለበት ጥግ ፍለጋ ስዞር ነው ሰርኬን ያገኘኋት። ከአጥሩ ሥር፣ ነፋሱ በማይደርስበት በኩል፣ ጣሳዎቿን ደርድራ ተቀምጣለች። የወተት ጣሳ፣ የቀለም ባልዲ፣ ከወገቡ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን። በየጣሳው ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ሬት በቅሎበታል። ከሁሉም ፊት ግን ቅጠላቸው ሸካራ የሆነ ጥቂት ችግኞች ቆመዋል፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ወደ እነሱ እየጠቆመች ትጣራለች።

«ዘይቱን ነው! ጓቫ የሚሉት ዘይቱን ነው!»

ሳቄ መጣ። «እትዬ፣ ይኸ ብርድ ደግሞ ዘይቱን ያበቅላል?»

«ያበቅላል፤ ያፈራልም» አለች፣ ቀና ሳትል። ቆየት ብላ ግን ዓይኗን ጣለችብኝ። «ታውቀዋለህ እንዴ?»

«እንዴት አላውቀው! ባሕር ዳር ስማር እሱን ስንበላ አይደል የኖርነው።»

«እንዲያ ነው!» አለችና ራሷን ነቀነቀች። «አንተ ሰውዬ፣ አምና በዚህ በኩል ብታልፍ ምን ነበረበት?»

መኪናው አልሞላም፤ የሚሞላም አይመስልም ነበር። ድንጋይ ሳብ አደረገችልኝና ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያጫወተችኝ ይኸው ነው።

ሰርኬ የላይ ጋይንት ደጋ ልጅ ናት፤ ከገብስና ከባቄላ በቀር ሌላ ነገር የማይሞከርበት አገር። ይታያልን አግብታ ጥቂት ዓመት እንደኖሩ፣ የይታያል አባት መሬት ለወንድማማቾቹ ተካፍሎ ተካፍሎ በሬ ማዞሪያ እንኳ አልበቃ አለ። ባልና ሚስት ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ንፋስ መውጫ ገቡ። የተከራዩት ቤት ጓሮው ድፍን ዐለት ነበር፤ ዶማ ሲያርፍበት እሳት ይተፋል። ለገበሬ ልጅ የማይቆፈር ጓሮ ምኑ ጓሮ ነው? ሰርኬ የመጀመሪያውን ክረምት እጇን አጣጥፋ፣ ዝናቡ ዐለቱን እያጠበ ሲወርድ እያየች ከረመች። በሁለተኛው ክረምት ሻይ ቤት በር ላይ የተጣለ የወተት ጣሳ አነሣች። ታቹን በምስማር በሳሳችው፤ ከወንዝ ዳር አፈር፣ ከጎረቤት በረት ፍግ ለምና አምጥታ ጤና አዳም ተከለችበት። ያዘላት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት። ሰው የጣለውን ሁሉ ማንሣት ጀመረች፤ የዘይት ቆርቆሮ፣ ባልዲ፣ እጀታው የተሰበረ ጆግ። ስሟም «የጣሳዋ ሰርኬ» ሆኖ ቀረ።

ብርቄ የምትባል የአጥር ጎረቤት አለቻት፤ ምላሷ የማያርፍ ሴት።

«አንቺ ሰርኬ» ትላለች በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ስንዴውንስ በጆግ የምትዘሪው መቼ ነው? ለአጨዳው ደቦ እንድንወጣልሽ ነው።»

«ድስትሽን ላኪልኝና ዛሬውኑ እዘራለሁ። ሥራ ፈቶ ተቀምጧል ሲሉ ሰማሁ።»

እንዲህ ሲባባሉ ይውሉና አመሻሹ ላይ ሰርኬ ከበሶብላዋ ዘንጥፋ ትሰጣታለች።

ንፋስ መውጫ ላይ በጣሳ አትክልት መያዝ ግን የቀልድ ሥራ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ውርጭ ይመጣል፤ ጣሳ ደግሞ ከመሬት ይልቅ ቶሎ ይበርዳል፤ ሥሩ ድረስ ይቀዘቅዛል። ሰርኬ ዘዴውን አንድ በአንድ፣ ብዙ ተክል አስገድላ ነው የተማረችው። የማድቤቱ ምድጃ ከኋላ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ግድግዳው በስተጓሮ በኩል ሙቀት ይይዛል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጣሳዎቿን እዚያ ታስጠጋለች፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጡ ድንጋዮች ዙሪያቸውን ትደረድራለች፤ ከላይ ጆንያ ታለብሳለች። ጧት ደግሞ ፀሐይ ሳታቃጥል ጆንያውን ማንሣት አለ፤ ከቆየ ቅጠሉ ላብ ያልበውና ይጠቁራል።

አንድ ሐምሌ ወደ ቆላ ቀበሌዎች ችግኝ የጫነ መኪና ከተማው ውስጥ አደረ። ጧት ሲነሣ የጠወለገውን ከመንገድ ዳር ጥሎት ሄደ። ሰርኬ ከተጣለው መሐል አንዷን፣ ግንዷ ገና ያልደረቀውን፣ አንሥታ መጣች። አንገቷ ላይ በፕላስቲክ ክር የታሰረ ወረቀት ነበረ፤ የፈረንጅ ፊደል። ልጇ የኔነሽ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ናት። ፊደል በፊደል ገጣጠመችና፣

«ጓ… ቫ። ጓቫ ይላል እማ» አለች።

«ጓያ?» አለች ብርቄ ከአጥሩ ማዶ።

«ጓቫ!»

«ያው ነው። ጓያ በበርሜል የምትተክል ሴት አየሁላችሁ! ኧረ ሰርኬ፣ እግራችንን እንዳትሰብሪው!»

ጓያ የበዛበት ሰው እግሩ እንደሚያዝ ጋይንት ውስጥ የማያውቅ የለም። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ዛፏም ከዚያ ቀን ጀምሮ «የሰርኬ ጓያ» ተብላ ቀረች፤ ሰርኬ ራሷ እንኳ አንዳንዴ እንደዚያው ትላት ነበር።

በግማሽ በርሜል ተከለቻት፤ በርሜሉን ከማድቤቱ ግድግዳ አስጠጋችው። የመጀመሪያው ዓመት ውርጭ ቅጠሏን ሁሉ ጠበሰው። ሰርኬ የቀረውን እንጨት በጆንያ ጠቅልላ፣ ድንጋይ እያሞቀች ያዘች። ባሏ ይታያል ያን ሰሞን ከበረሃ ተመልሶ ነበርና ቆሞ አያት።

«አንቺ፣ ይኸ ዱላ ነው እንዴ የምታለብሽው?»

«ጓያዬ ናት።»

«ከእኔ ይልቅ ለሷ ነው ጋቢ የምትደርቢው ማለት ነው» አለና ሳቀ።

ይታያል በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ ወደ በረሃ ይወርዳል። በረሃ የሚሉት መተማን ነው፤ ሰሊጥ አጨዳ። ለገና ይመለሳል። ለየኔነሽ ጫማ፣ ለሰርኬ ሻሽ ይዞ ይመጣል እንጂ ስለ በረሃው ወሬ ይዞ አይመጣም። «እንዴት ከረምክ?» ሲሉት «ሞቆኝ» ይላል፤ በዚያው ያልቃል። ምን እየበላ፣ የት እየተኛ እንደከረመ ሰርኬ አትሰማም። የምታውቀው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ በአንድ ዳስ አብሮት የሚያድር ወርቁ የሚባል የእስቴ ሰው እንዳለ።

አምና ግን ገና ሳይደርስ መጣ። ሰርኬ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ሆዱን ነው። እጅ እግሩ እንጨት ሆኖ ሆዱ ብቻ የሌላ ሰው ይመስል ቀድሞት ቆሟል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። አስተኙት፣ የሆዱን ውሃ ቀዱለት፣ መልሶ ሞላ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠራትና ጉበቱ እንዳለቀ ነገራት።

«ወደ ቤት ውሰጂው» አላት። «ያማረውን ስጪው።»

ሰርኬ ያቺን ቃል ስትሰማ ሌላውን ሁሉ ሐሳብ ተወችው። ያማረውን ስጪው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማን ይስተዋል። በእነሱ አገር አምሮት ቀላል ነገር አይደለም። ሊሄድ የተቃረበ ሰው የጠየቀውን ሳይቀምስ ከሞተ «አምሮቱን ይዞ ሄደ» ይባላል፤ ቀባሪው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ይህች ቃል ከቤት አትወጣም። የሰርኬ አጎት ሚስት በግንቦት ታማ «የባቄላ እሸት፣ የባቄላ እሸት» እያለች ነው የሞተችው፤ በግንቦት ደግሞ እሸት ከየት ይመጣል? አጎቷ ግን እስኪያረጅ ድረስ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር፣ እሸት የያዘ ሕፃን ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። ሰርኬ ይታያልን እንደማታድነው ዐውቃለች። አምሮቱን ይዞ እንዳይሄድ ግን ለራሷ ማለች።

ከመስኮቱ ሥር አስተኛችው። መስኮቱ ወደ ማድቤቱ ጓሮ ነው የሚከፈተው፤ ከመስኮቱ ማዶ ያ በርሜል አለ። በየጧቱ ፊቱን እያጠበች «ምን አማረህ?» ትለዋለች። «ምንም» ይላል። አንድ ቀን ቅራሪ አለ፣ ሰጠችው። ሌላ ቀን የተቆላ ሽምብራ አለ፤ አንዲት ፍሬ አኝኮ ተወው። ዐቢይ ጾም ገባ። ሰውነቱ ይብስ እየደከመ፣ አእምሮውም አንድ ጊዜ እየመጣ አንድ ጊዜ እየሄደ ነው።

ከዚያ በመጋቢት አንድ ጧት፣ ሳትጠይቀው፣ «ዘይቱን» አለ።

«ምን አልክ?»

«ዘይቱን ሸተተኝ። አንቺን አይሸትሽም?»

አሸተተች። ምን ይሸታታል? የመድኃኒቱ ሽታ፣ የላቡ ሽታ፣ የማድቤቱ ጭስ። ጓሮዋ ሁልጊዜ ይሸታል፤ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ሁሉም ተደባልቆ። አንዱን ከአንዱ መለየት ካቆመች ዓመታት አልፈዋል።

«ዘይቱን አማረህ?»

«አማረኝ» አለ። ዓይኑን ጨፈነ።

ያቺ በርሜል ላይ ያለች ዛፍ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አፍርታ ነበር። ነጭ አበባ አወጣች፣ አበባው ረገፈ፣ የዶሮ እንቁላል የማያክሉ ጥቂት አረንጓዴ ፍሬዎች ተረፉ። የመጋቢት ፀሐይ ከወጣ ወዲህ አንድ ሁለቱ ቢጫ መሆን ጀምረዋል። ይታያል ዛፉን አያውቀውም፤ የሰሊጥ አጫጅ ነው፣ ፍሬውን ከገበያ እንጂ ከዛፍ አላየውም። ሰርኬ ደግሞ ፍሬውን «ጓቫ» ብላ ነው የምታውቀው። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ውስጥና ውጭ ሆነው ስሙ አለያያቸው።

መምሬ ተክለ ማርያም የነፍስ አባታቸው ናቸው። በዚያው ሳምንት ሊጠይቁ ሲመጡ ሰርኬ በር ላይ ተቀብላ ነገረቻቸው።

«ዘይቱን ነው ያለው? ቃሉን በደንብ ሰምተሻል?»

«በዚህ ጆሮዬ መምሬ። ሸተተኝ ነው የሚለው። ምንድን ነው እሱ?»

መምሬ መቋሚያቸውን ተደገፉ። ቀስ ብለው አማተቡ።

«ዘይቱን ማለትማ የወይራ ፍሬ ነው። በመጽሐፍ ዕፀ ዘይት ይባላል፤ የኢየሩሳሌሙ። ጌታ ስለ ምጽአቱ የተናገረው የት ተቀምጦ ነው? ደብረ ዘይት። የፊታችን እሑድ ማን ነው? ደብረ ዘይት።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰርኬ፣ ይህን ሰው የሚሸተው የምድር ሽታ አይደለም።»

ሰርኬ እግራቸው ሥር ወደቀች። ለብዙ ወር ሳታለቅስ የቆየችውን ለቅሶ ያን ጊዜ አለቀሰችው፤ ግማሹ ደስታ ነበር። ወሬው ሰፈሩን ለመዞር አልዘገየም። ባልቴቶች ነጠላቸውን አደግድገው እየገቡ የይታያልን እጅ ይስሙ ጀመር።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ ይታያል ግራ ተጋብቶ። «ጳጳስ ሆንኩ እንዴ?»

ብርቄ እንኳ ያን ቀን አልሳቀችም።

ሰርኬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥቃቅን ፍሬ ያለው የወይራ ቅርንጫፍ ለምና አመጣችለት። መዳፉ ላይ አኖረችው። እያገላበጠ አየው።

«ወይራ ምን ያደርግልኛል፤ ዱላ ልትቆርጭልኝ ነው?» አለና መለሰላት። ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልመጣለትም፤ አንቀላፋ።

መምሬ ይህን ሲሰሙ «የእኛው የዱር ነዋ» አሉ። «እሱ የሚሻው የዚያን አገሩን ነው።»

አዲስ አበባ የወንድሟ ልጅ ቀለመ ወርቅ አለ። ስልክ ደወለችለት። «ኦሊቭ ነው የምትይው አክስቴ? እሱማ ሱፐርማርኬት ሞልቷል፣ በጠርሙስ» አላት። ሰርኬ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ቀለመ ወርቅም በማግስቱ ገዝቶ በሹፌር ላከ። መንገዱ ግን ያን ሰሞን የሚታመን አልነበረም፤ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። ጠርሙሱ ወልድያ ላይ ቆመ። ሰርኬ በየቀኑ እዚሁ መናኸሪያ እየመጣች ሹፌሮችን ትጠይቃለች፤ እየተመለሰች የይታያልን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም አታውቅም።

በዚያው መሐል ፍሬዎቹ በሰሉ። የኔነሽ ናት ያየቻቸው፤ «እማ፣ ጓቫሽ ደርሷል!» ብላ ጮኸች። ለቀሙት። አንዱን የኔነሽ በላች፤ አንዱን ለብርቄ በአጥሩ ላይ አቀበሏት።

«ኧረ ጣፋጭ ነው ይኸ ጓያ!» አለች ብርቄ እያኘከች። «ውይ! ፍሬው ጥርሴን! እግሩን ትቶ ወደ ጥርስ ዞረ እንዴ?»

ሦስቱም ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ሰርኬ የቀረውን፣ ከሁሉ የበሰለውን፣ በነጠላዋ ጫፍ አሸችና ወደ ቤት አመራች። በሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ብርቄ ጠራቻት።

«ለማን ነው እሱ? ለታመመው?»

«ጣፋጭ ነው ስላልሽ… ምናልባት አፉን…»

«አንቺ ሴት ልብ የለሽም? ያን ሁሉ ጠጠር ለተነፋ ሆድ! ደግሞስ የኢየሩሳሌሙ እየመጣለት አንቺ ጓያ ታጎርሽዋለሽ?»

ሰርኬ ደፉ ላይ ቆመች። ወደ ውስጥ አየች፤ ይታያል ተኝቷል። እውነትሽን ነው አለችና ተመለሰች። ፍሬውን ማድቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው ቀዳዳ አኖረችው። ከግድግዳው ማዶ የይታያል ራስጌ ነው።

በማግስቱ ይታያል ሲነቃ አእምሮው ጥርት ብሎ ነቃ። ደግፋ አስቀመጠችው። የሸጡትን ቀይ በሬ አነሣ፤ «ያ ሌባ፣ የሰው ባቄላ እንደበላ ነው የተሸጠው» አለ። የኔነሽን «አስተማሪሽ መጣ አልመጣ?» እያለ አሾፈባት። ከዚያ አፍንጫውን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ዛሬስ በረታ» አለ። «ዘይቱኑ ዛሬ በረታ።»

«ታገሥ የኔ ጌታ፣ እየመጣልህ ነው። ከአዲስ አበባ።»

«ከአዲስ አበባ?» ሳቀ። «ምን አዲስ አበባ ወሰደሽ ሴትዮ! እዚሁ እየሸተተኝ!»

ሰርኬ ግንባሩን ሳመችው። መምሬ ያሉትን ዐሰበች፤ ልቧ ሞላ። እስከ እኩለ ቀን ተጨዋወቱ፤ ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ ዐለቱ ጓሮ፣ ስለ ሞተው የመጀመሪያ ልጃቸው። የጠየቀችውን ሁሉ መለሰላት። ዘይቱኑ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችውም። ምን ብላ ትጠይቀው? ታውቀዋለቻ።

መንገዱ ተከፈተና ጠርሙሱ ደረሰ። ያን ጊዜ ይታያል ወደ መዳከሙ ተመልሶ ነበር። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ መምሬም መጥተው ባረኩት። የኔነሽ ክዳኑን በቢላ ጫፍ ነቀለች። ውስጡ አረንጓዴ ፍሬ ነው፣ በውሃ የተዘፈዘፈ። ሰርኬ አንዷን አንሥታ፣ ድንጋዩን በጥፍሯ አውጥታ፣ ለስላሳውን በከንፈሩ መሐል አኖረችለት።

«እንካ የኔ ዓለም። ዘይቱንህ መጣልህ።»

ዓይኑን ከፈተ። ያንን ፊት ሰርኬ እስከ ዛሬ ታየዋለች፤ እንደ ሕፃን ተስፋ ያደረገ ፊት። አንዴ አኘከ። ከዚያ ፊቱ ተጨማደደ። ሊተፋ ሞከረ፣ አቅም አጣ፤ በጣቷ አወጣችለት።

«ጨው» አለ። እንደ መገረም ብሎ አያት። «ጨው አበላሽኝ።»

«ጌታንም ሐሞት ነው ያጠጡት» አሉ መምሬ፣ ለማጽናናት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ይታያል ከዚያ በኋላ አልተናገረም። በሆሳዕና ዋዜማ ተቀበረ።

ለቅሶው የከበረ ለቅሶ ነበር። የዘይቱኑ ነገር እየተነሣ፣ ምን ዓይነት ጻድቅ አሟሟት ነው እየተባለ፣ ሴቶቹ በሐዘን ግጥማቸው አስገቡት። ሰርኬም ተጽናናች። የጠየቀውን አመጣሁለት፣ ቀመሰ፣ አምሮቱን ይዞ አልሄደም፤ ጨው ጨው ማለቱ የእግዜር ነገር ነው ትላለች። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰሞን የሰርኬ ሐዘን የሚቻል ሐዘን ነበር።

ለአርባው ወርቁ መጣ። መርዶውን የሰማው ዘግይቶ ነው፤ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ እስከዚህ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሩ ነው የመጣው። ደጃፍ ላይ «ወንድሜ ወንድሜ» እያለ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ምግብ ሲቀርብ እጁን ሊታጠብ ከሰርኬ ጋር ወደ ማድቤቱ ጓሮ ዞረ፤ የኔነሽም ከኋላ ፎጣ ይዛለች። ከዛፏ ጫፍ ዘግይታ የበሰለች አንዲት ፍሬ ተንጠልጥላ ነበር።

«ውይ!» አለ ወርቁ እጁን እንደዘረጋ። «ይታያል ዘይቱን ተክሎ ነበር እንዴ?»

ሰርኬ ውሃውን እያፈሰሰችለት ነው። «ምን አልክ?»

«ዘይቱን ነዋ።»

«ጓቫ ነው እሱ» አለች የኔነሽ።

«ጓቫ የሚባለውን አላውቅም እህቴ፤ እኛ በረሃ ዘይቱን ነው የምንለው። መተማ፣ ገንዳ ውኃ ከተማ ገበያ በዋለ ቁጥር ይታያል በሻርፑ ቋጥሮ ያመጣል። ይበላዋል መሰላችሁ? ከራስጌው ያኖረዋል። ‹ወርቁ፣ ሽታው ቤቴ ያለሁ ያስመስለኛል፣ እንቅልፌ ይመጣል› ይለኝ ነበር።» እንባውን በክንዱ ጠረገ። «አያችሁ እንግዲህ፣ ለካ ቤቱም ተክሎታል! ሳይነግረኝ!»

ሰርኬ ውሃውን ማፍሰሷን አላቆመችም። የወርቁ እጅ ታጥቦ አልቋል፤ ወርቁ «ይበቃል እህቴ» ብሏል፤ እሷ ግን ጆጉ ባዶ እስኪሆን ድረስ ዐለቱ ላይ አፈሰሰችው።

ያን ዕለት እንግዳው ሲሸኝ የኔነሽ መጥረቢያ ይዛ ወደ ጓሮ ስትሮጥ ነው ሰርኬ የያዘቻት።

«ተይው» አለቻት። «እሱ ምን አደረገ?»

«እኔ ነኝ ጓቫ ነው ያልኩት! እኔ ነኝ ያነበብኩት!»

«የተጻፈውን ነው ያነበብሽ ልጄ። ስጪኝ መጥረቢያውን።»

ሰጠቻት። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የኔነሽ ወደ ማድቤቱ ጓሮ አልዞረችም። ጣፋጭ ነገርም አትቀምስም፤ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣ። እናትየው ታያለች፣ አትናገራትም። ብርቄም አንገቷን በአጥሩ ላይ ማስገግ ትታለች። አንድ ቀን ብቻ መጥታ፣ ያ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ «እዚህ ላይ ነው የመለስኩሽ» አለች፤ ደፉን በእጇ እየመታች። ሰርኬ «ተነሺ፣ ይበርድሻል» አለቻት።

መምሬ ተክለ ማርያም ነገሩን ሲሰሙ ብዙ ቀን ቀሩ። ከዚያ አንድ ጧት መጡ። ሰርኬ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ ስትል መስቀሉን መለሱት።

«ዛሬስ አንቺ ነሽ የምትፈቺኝ» አሉ። «ፍቺኝ ልጄ።»

«ምነው መምሬ፣ ይህን ቃል ለእኔ! መጽሐፉ ያለውን ነው የነገሩኝ።»

«መጽሐፉ ያለውን ነገርኩሽ። የሰውዬውን አልጠየቅሁም።»

ሽማግሌው እዚያው ቆመው አለቀሱ፤ ሰርኬም ትክ ብላ አየቻቸው። ይቅር ብላቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። ቅዳሴ ግን ትሄዳለች፤ ሲያሳልሙም ትሳለማለች።

የዚያችን የመጨረሻ ፍሬ ዘር በየጣሳው ዘራችው። አሁን የምትሸጠው ከዚያ የበቀለውን ነው። ዛፏን አልጣለቻትም፤ ውርጭ ሲመጣ ዛሬም ድንጋይ ታሞቅላታለች። ፍሬዋን ግን ከቤቱ የሚበላ የለም። ዘንድሮም አፍርታ ነበር፤ ወፍ በላው። ሲበስል ሰርኬ መስኮቱን ትዘጋለች። ችግኙን የሚገዛ ሰው ሲመጣም «ስሙ ማን ነው?» ብላ ሳታስደግመው አትሰጥም። አንዳንዱ ሴትዮዋ ልቧ ተነክቷል ብሎ ጥሎ ይሄዳል።

የመኪናው ረዳት «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» እያለ መጮህ ሲጀምር አንዱን ጀሪካን አንሥቼ «ዘይቱን» አልኳት፤ «ጓቫም ይሉታል።» ጭብጥ አፈር ጨመረችልኝ፣ በእጇ ጠቅጠቅ አደረገችው።

«ለማን ትወስደዋለህ?»

«ለእናቴ። ትንሽ ደከም ብለዋል፤ ተኝተዋል።»

እጇ አፈሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አማረዎት ብለህ ጠይቀሃቸዋል?»

«ጠይቄያቸዋለሁ እንጂ።»

«ስሙን ሲነግሩህ ዐወቅሁት ብለህ እንዳትወጣ» አለችኝ። «ምን ይመስላል በላቸው።»